ጋሽ ኸሊልና የላይኛው ብርካ

ሰው በሰፈረበት ተራራ ሁሉ ቀድሞ የደረሰ አንድ መካሪ አይጠፋም። ውኃ ሳይሰጥህ ምክር ይሰጥሃል። እኛ ዓረብ አገር በግ የምንጠብቅበት፣ ከጂዛን በላይ ያለው ደረቅ ተራራ መካሪ ክቡር ጋሽ ኸሊል ናቸው።

ከቆላው እርሻ መጥቼ ገና ከመኪና ስወርድ ሰላምታዬን ሳይቀበሉ ከንፈሬን አዩት።

«አትላሰው! ይሰነጠቃል። የበግ ላት ቀባው።»

«እኔ እኮ የወረኢሉ ልጅ ነኝ ጋሼ፣ ደጋ አውቃለሁ።»

«የናንተ ደጋ ምንጭ አለው። ይሄ ብርዱ ብቻ ነው ደጋ። ኸላስ፣ የምታውቀውን እርሳ!»

ምክራቸው ከዚያ ወዲያ አላባራም። ዳገት ስትወጣ አታውራ ይሉኛል፤ እሳቸው ዳገት ላይ ወሬ የሚያቆሙት ለማሳል ብቻ ነው። ጓደኛዬን ረመዳንን አየሩ አድርቆት ሲነስረው አፍንጫውን ይዘው ስለ አፍንጫ አስተማሩን። ነስሩ ቆመ፣ ትምህርቱ ግን ቀጠለ።

ከሁሉ የከረረው ምክራቸው ስለ ላይኛው ብርካ ነበር። የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት፣ በድንጋይ የተከደነ አሮጌ ጉድጓድ ነው። «ጂን አለበት፣ የነካው አይድንም» ይላሉ። ረመዳን አንድ ቀን ልብሱን ሊያጥብበት ሲነሳ በዱላ መለሱት። እኔማ ለብቻቸው ሊታጠቡበት ነው ብዬ በሆዴ አማኋቸው።

በ2006 ጥቅምት መጨረሻ፣ ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው በሰላም እንዲወጣ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀና አፈሳ ተጀመረ። ውኃ የሚያመጣልን የቦቴ ሾፌርም እንደኛው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውምና ጠፋ። የበጎቹ ባለቤት፣ አሠሪያችን ከፊል፣ ስልክ አያነሳም። በርሜሉ ተሟጠጠ፣ በጎቹ ባዶ ገንዳ መላስ ጀመሩ። ብንወርድ ፖሊስ፣ ብንቀመጥ ውኃ ጥም። ረመዳን ምላሱ ደርቆ «ሄጄ እጄን ልስጥ» ማለት ጀመረ።

ጋሽ ኸሊል ዱላቸውን አነሡ። «ያላ፣ ወደ ላይ!»

«ጂኑስ ጋሼ?»

«የምን ጂን? የፈራሁት እናንተን ነው! ጂን አለ ባልላችሁ ይሄኔ በሳሙና ጨርሳችሁት ነበር።»

ክዳኑን ስናነሳ ውኃው ጥርት ብሎ ተኝቷል። በጎቹም እኛም ጠጣን። ያን ቀን ሽማግሌውን እንደ አባቴ ወደድኳቸው፤ እንባዬም መጣ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና «ውኃ አታባክን» አሉ።

ነገሩ በረድ ብሎ ሌላ ቦቴ መመላለስ ሲጀምር አወል የሚባል አዲስ እረኛ መጣ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እዚያ ላይ ያለው ብርካ፣ ሰው ይታጠብበታል?» አለኝ።

«ጂን አለበት» አልኩት፣ ኮስተር ብዬ።

ጋሽ ኸሊል ከበጎቹ መሃል ጮኹ።

«አንድ ብቻ? ሚስቱንስ ለምን ትደብቀዋለህ?»