ጀርባውን አሳዪኝ የሚሉት እትዬ ሸጌ

በየሰፈሩ ልብስ የሚያዩ ሰዎች ሞልተዋል። የልብስን ጀርባ የሚያይ ግን ለአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ነው የሚደርሰው። እነዚህ ሰዎች አዲስ ቀሚስ ለብሳችሁ ብቅ ስትሉ «አምሮብሻል» አይሉም። ጫፉን ያዝ፣ ገልበጥ አድርገው ውስጡን ይመለከታሉ። ከዚያም ሐኪም መጥፎ ውጤት ሲያነብ ፊቱ ላይ የሚወርደው ዓይነት ዝምታ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ደምቃችሁ ከቤት የወጣችሁት ሰዎች፣ አደባባይ መሐል በፒጃማ የቆማችሁ ይመስላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመንም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ለሰፈሩ እንግዳ ናችሁ፣ ወይ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

ለኛ ሰፈር፣ እዚህ ላሊበላ፣ የደረሱን እትዬ ሸጌ ናቸው። በስማቸው ብቻ መጥራት ስለሚከብደኝ ማዕረግ ጨምሬላቸዋለሁ፦ የመርፌ ሊቀ ጠበብት፣ የክር ባለሙሉ ሥልጣን፣ የጠማማ ስፌት ዓቃቤ ሕግ። በዚህ ሁሉ ማዕረግ የሚያዙት በሁለት ትእዛዝ ነው። አንደኛው «ጀርባውን አሳዪኝ» ነው። ሁለተኛው «ይተረተር» ነው። የመጀመሪያውን ሲሉ ልብ ይሰቀላል፤ ሁለተኛውን ሲሉ ይወድቃል።

ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም። እንባቸው የእውነት ነው፤ ጣታቸው ግን የራሱ ሥራ አለው። አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ነጠላ ጫፍ ጫፉን እየዳሰሰ ይሄዳል። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለው፣ «እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ አካል። ይቺን ግን ሳትቀመቀም ነው የለበስሻት» ይሏታል። የነፍስ አባታቸው አባ ደሳለ መስቀል ሲያሳልሟቸውም፣ መስቀሉን ተሳልመው ሳይጨርሱ እጅጌያቸውን ይይዛሉ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ይቺን እጅጌ ማን ነው የሰፋት?»

«ምነው፣ ልጄ?»

«ኃጢአት ሠርቷል።»

ቅዳሜ ገበያ ደግሞ የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ የሚመጣው አያ መሐመድኑር አለ። እትዬ ሸጌ አጠገቡ ይቆሙና፣ ደንበኛው ሳይቀበል በፊት ሱሪውን ተቀብለው ይገለብጡታል።

«ይህ ሱሪ ጀርባው ምን ሆኖ ነው?»

«ወላሂ፣ እትዬ ሸጌ፣ ሰውየው ገልብጦ አይለብሰው!»

«ቢገለብጠውስ?»

ደንበኛው በፈታኟና በተፈታኙ መሐል ቆሞ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያል። ሱሪውን ገልብጦ የሚለብስበትን ቀን በሕይወቱ አስቦት አያውቅም። አሁን ግን ማሰብ ጀምሯል፤ መጨረሻ ላይ «ይተረተርልኝ» የሚለው እሱው ራሱ ነው። እንዲህም ሆኖ አያ መሐመድኑር ሳምንቱን ሙሉ የቆረጠውን ብጣሽ ሁሉ በከረጢት አጠራቅሞ የሚያመጣው ለእሳቸው ነው። አንድ ቅዳሜ ጉንፋን አስሯቸው ሲቀሩ፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ሴትዮዋ ደኅና አይደሉም እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝም እሱ ነበር።

እኔ እንዴት እጃቸው እንደገባሁ ልንገራችሁ። ሰርካለም እባላለሁ፤ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አንድ ጠዋት የደንብ ልብሴ፣ ሰማያዊው ቀሚስ፣ ቅምቅማቱ ተፈትቶ ጫፉ ወረደብኝ። እንግዶች ሊደርሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ስቴፕለር አየሁ። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም፤ ቀሚሴን ዙሪያውን እንደ ደረሰኝ ቀጭ ቀጭ አደረግኩት። የበራችን ጥበቃ ጋሻዬ አይቶ «አቤት ብልሃት!» አለኝ፤ እኔም በራሴ ኮራሁ።

በዚያው ቀን እትዬ ሸጌ ያረጀ አንሶላ ካለ ብለው ሊለምኑ መጡ። በሩ ላይ ገና እንደቆሙ ዓይናቸው የሆነ ብልጭታ ላይ አረፈ።

«አንቺ፣ ጀርባውን አሳዪኝ።»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ጎንበስ ብለው ገለበጡት።

«ብረት!» አሉ። ድምፃቸው እስከ ጓዳ ተሰማ። «ልጄ፣ ይህ ቀሚስ ነው ወይስ ቆርቆሮ ቤት?»

ጋሻዬ ወዲያው ያደነቀኝን ረሳና በሳቅ ወደቀ። እኔ ግን ከሥራ ስወጣ አንሶላውን ተሸክሜ፣ እሳቸው ከኋላዬ እየነዱኝ፣ ቤታቸው ገባሁ። ቅምቅማቱን ለመስፋት ብቻ ነበር የገባሁት። ይኸው እስካሁን አልወጣሁም።

አንሶላውን የፈለጉት ለድሪቶ ነው። ድሪቶ ሲባል ብዙ ሰው ይሸማቀቃል፤ ጣፍ ጣፍ ተደርጎ የከረመ የችግር ልብስ አድርጎ ነው የሚያስበው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የእትዬ ሸጌን ድሪቶ ግን ከሥሩ ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ሲሠራ ካያችሁት ዓይናችሁን መንቀል አትችሉም። ሦስት ድርብርብ ነው። ላዩ ከአያ መሐመድኑር ብጣሽ ይገጣጠማል። ብጣሹ አስቀድሞ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብና ሌላው ስለማይሰበሰብ፣ ሳይዘፈዘፉ ጎን ለጎን ከተሰፉ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ጨርቁ ይጨማደዳል። መሐሉ ያለቀ ጋቢ ነው፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው። ታቹ አንሶላ ነው። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በረጃጅም ስፌት ይያያዙና፣ ከዚያ ዋናው ስፌት ከመሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይወጣል። ከጠርዝ ከጀመራችሁ ሽብሽቡ ሁሉ መሐል ላይ ይከማችና እንደ ሆድ ይነፋል። እኔ የጀመርኩት ከጠርዝ ነበር።

ጀርባውን የሚያዩትስ ለምንድን ነው? ይህንን ለማወቅ ጉጉቴ ስለበረታ ጠየቅኳቸው።

«መርፌሽ ቀጥ ብሎ ካልወረደ ከላይ ያማረ ይመስልና ከታች ይዘላል» አሉኝ። «የዘለለው ክር ቀዳዳ ይሆናል። በቀዳዳው የእንግዳ አውራ ጣት ይገባል። እንግዳው በእንቅልፉ እግሩን ሲዘረጋ ጠረረረ!»

እንግዳው የገና ተሳላሚ ነው። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣውን ሰው ከተማችን እግሩን አጥቦ ነው የሚቀበለው፤ እትዬ ሸጌም ቤታቸው የቻለውን ያህል ያሳድራሉ። ሁሉም ጎን ለጎን ይተኙና አንድ ረጅም ድሪቶ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋላቸዋል። አምና ግን ድሪቶው አጠረ። ዳር የተኙት አሮጊት ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው አድሮ፣ ጠዋት «ደኅና አደርኩ፣ ተመስገን» ብለው ሄዱ። እትዬ ሸጌ ያቺን «ደኅና አደርኩ» እስከ ዛሬ አልረሷትም። ዘንድሮ ማንም ዳር ላይ እንዳይቀር ቆርጠው ተነሡ።

እኔም የራሴን ነገር ቆርጬ ተነሣሁ። እግርጌውን፣ አውራ ጣት የሚበዛበትን ጠርዝ፣ ለኔ ተዉልኝ። «ይቺ ያንቺ ናት። ካልሆነችልሽ እኔው እሰፋታለሁ» አሉ። «ካልሆነችልሽ» የምትለው ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ በእጄ የሰፋሁት፣ ያልተተረተረ አንድ መስመር እንግዳ ላይ ሲያድር ማየት።

ከሥራ መልስ እሰፋለሁ። «ጀርባውን አሳዪኝ።» አሳያለሁ። «ይተረተር።» እተረትራለሁ። ጋሻዬ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር «እሜቴ፣ ዛሬስ ሰፋሽ ወይስ ተረተርሽ?» ይለኛል። በዚያ ላይ በዓሉ! በበዓል ቀን መርፌ አይነካም፤ በላስታ ደግሞ በዓል ያልሆነ ቀን ፈልጎ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። በዓል ሲሆን የማርፍ መስሎኝ ነበር። እትዬ ሸጌ ግን አባ ደሳለን ጠየቁ።

«አባ፣ በበዓል መስፋት ክልክል ነው። መተርተርስ?»

አባ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «ማፍረስ ሥራ ነው የሚል አላነበብኩም» አሉ፤ ፈገግታቸውን ግን በመስቀሉ ሸፈኑት።

«ሰማሽ፣ ሰርኬ?»

ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ቀን እሰፋለሁ፣ የበዓል ቀን እተረትራለሁ።

የሚገርመው ግን የያዘኝ መተርተሩ ነው። ስትሰፉ እጃችሁ ይሮጣል፤ ምን እንዳደረጋችሁ አታዩም። ስትተረትሩ ግን እያንዳንዱን ስፌት በተራው ታገኙታላችሁ። እዚህ ጋ መርፌዬን አጋድሜያለሁ፤ እዚህ ጋ ክሩን አጥብቄ ጨርቁን አንቄዋለሁ፤ እዚህ ጋ ደግሞ ሰው እያናገርኩ ነበር። አንድ የማርያም ዕለት እንዲህ ስፈታ፣ ከጠማማዎቹ መሐል ቀጥ ያሉ ጥቂት ስፌቶች አገኘሁ። የኔ ናቸው! ለመፍታት እጄ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ሆቴል ውስጥ ስልክ እየጮኸ እኔ የመጋረጃውን ጀርባ እያየሁ ነበር። ጋሻዬ «ይቺም ተለከፈች» አለ።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ደረሰ። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ነው፤ ሃያ ስምንት አማኑኤልም የገና ዋዜማም ነው። ስለዚህ ድሪቶው በዚያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላለቀ፣ እግርጌው እንደተከፈተ ይቀራል። ከሥራ የደንብ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር በረርኩ። ብርሃን እንዲበቃኝ በሩ ላይ ተቀመጥኩና የቀረውን ጠርዝ ጭኔ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ከብልባላ በኩል የመጡ ተሳላሚዎች ቀድመው ደርሰው፣ እግራቸው ታጥቦ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ያዩኛል። ከመሐላቸው አንዲት አሮጊት «ይህ ሁሉ ለኛ ነው?» አሉኝ።

«ዝም ይበሉ፣ እማማ» አሉ እትዬ ሸጌ። «አያናግሯት፤ መስመር ላይ ናት።»

ቀና አላልኩም። መርፌው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እጄ እንዲህ ታዞልኝ አያውቅም። የመጨረሻዋን ስፌት አስሬ ቀና ስል፣ ፊት ለፊት የአሸተን ተራራ ገደል በመጨረሻው ፀሐይ ቀልቷል።

«ጨረስኩ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ድሪቶው አብሮኝ ብድግ አለ።

ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዲት ስፌት ሳላጓድል፣ ራሴን ከድሪቶው ጋር አንድ አድርጌያለሁ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «ልጄ፣ ይዘሽው ልትሄጂ ነው?» አሉ አሮጊቷ።

እትዬ ሸጌ አልሳቁም።

«ጀርባውን አሳዪኝ።»

ጀርባው የቀሚሴ ውስጥ ነው። ስልኬን ተቀብለው፣ መብራቱን አብርተው ተንበረከኩና ጭንቅላታቸውን ከቀሚሴ ጫፍ ሥር አስገቡ። ሳቁ ቆመ። ሁለተኛዋን ትእዛዝ ጠበቅኩ። ከሥር ጣታቸው ስፌቱን እየዳሰሰ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ከጫፍ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ ሌላው ጫፍ።

«ሰርኬ» አሉ ከሥር።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ይህን ቀሚስ ትወጂዋለሽ?»

«የሆቴሉ ነው።»

«መቀሱን አቀብይኝ።»

ዙሪያውን ቆረጡት፤ የድሪቶውን ሳይሆን የቀሚሴን። ያን ማታ እንግዶቹን ነጠላ አገልድሜ ነው ያስተናገድኩት። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ውስጤን ቅር አለው። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ነገ በዓል ነው፣ ቢተረተር መልሶ የሚሰፋው የለም፤ መስመሬን ያተረፈው ቀን መቁጠሪያው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ገና አልፎ፣ እንግዶቹ ተሸኝተው፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በእትዬ ሸጌ ደጅ አለፍኩ። ድሪቶው አጥር ላይ ተሰጥቷል። ያ ሁሉ ቀለም፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ብጣሽ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሯል። ወደ መንገዱ የዞረው ያረጀው አንሶላ ነው፤ እግርጌው ላይ ሰማያዊው የቀሚሴ ቁራጭ ተለጥፎበታል።

«እትዬ ሸጌ፣ ድሪቶውኮ ተገልብጧል» አልኳቸው።

«አውቄ ነው። የሚያልፈው ሁሉ ጀርባውን ይየው።»

ወደ አጥሩ ጠጋ ብዬ መስመሬን ዳሰስኩት። እሳቸው ግን ጣታቸው ቀድሞ አዲሱ ቀሚሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። «ይህንንስ ማን ቀመቀመው?»

«እኔ።» ሳልጠየቅ ገልብጬ አሳየኋቸው።

አዩት። ዞረው አዩት። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እስከዚህ ደኅና ነው» አሉ። «ከዚህ ወዲያ ያለው ይተረተር።»

ሥራ ረፍዶብኛል። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ ተረተርኩ።