እኛ ስንሄድ እነሱ ሲመጡ

በዕቅድ ጉዳይ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰማይ ቢደፋ ከመርሐ ግብሩ ንቅንቅ አይልም፤ ሌላው «እንደ ሁኔታው እናያለን» እያለ ምንም ሳያይ ይመሽበታል። እርስዎ የትኛው እንደሆኑ አላውቅም። እኔ ግን ጅግጅጋ ውስጥ የእንስሳት ክትባት ቡድን አስተባባሪ ስለሆንኩ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ፤ በሁለቱም ተሰድቤያለሁ።

አምና በዕቅዱ መሠረት፣ ሀርሺን አካባቢ ካለው በርካ፣ ማለትም ከዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው ዘንድ፣ በተባለው ቀን ደረስን። አንዲት ፍየል የለችም። ዝናብ ሌላ ቦታ ዘንቦ ሰዉ ከብቱን እየነዳ ሄዷል። ሳይከተቡ ከቀሩት መካከል የኤዶ ሃሊሞ ፍየሎች ግማሾቹ በሳንባ በሽታ አለቁ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው፤ እኚህ አክስት ጅግጅጋ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «ዋሪያ!» ማለትም «አንተ ሰውዬ!» ብለው ይጠሩኝና «ዝናብ የናንተን ወረቀት ያነባል እንዴ?» ይሉኛል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ዘንድሮ ወደዚያው በርካ ገና መንገድ ስንጀምር ከበርካው ወዲያ ማዶ ባለው ሜዳ መዝነቡን ሰማን። «ዕቅዱ ይቀየር!» አልኩ። የቡድናችን ሐኪም አብዲ «ቢያንስ ለነኤዶ ሃሊሞ ደውለን እንጠይቅ» ቢለኝ «ተለዋዋጭ መሆን አለብን!» ብዬ መኪናውን አስጠመዘዝኩ። ቃሉን ሥልጠና ላይ ሰምቼ ወድጄው ነበር።

ሜዳው ላይ ሣር አለ፤ ፍየል የለም። በክትባቱ ሳጥን ውስጥ በረዶው እየቀለጠ ነው፤ እሱ ካለቀ ክትባቱ ከተራ ውኃ አይሻልም። አላስችል ብሎኝ ክዳኑን እከፍታለሁ። «ስትከፍተው እኮ ነው የሚቀልጠው!» ይለኛል አብዲ። እዘጋለሁ። ወዲያው ደግሞ እከፍታለሁ። በመጨረሻ ኤዶ ሃሊሞ ጋ ደወልኩ።

«የት ናችሁ?» አሉ ቀድመውኝ። «እኛ በርካው ጋ ነን! አምና በቀናችሁ ባለመገኘታችን ፍየል ቀበርን፤ ዘንድሮ ሣሩን ትተን በቀኑ መጣን!»

«እኛ ደግሞ እናንተን ፍለጋ ሣሩ ጋ ነን፤ አሁኑኑ እንመጣለን!»

«እኛም ተነስተናል፣ እየመጣን...» ብለው ሳይጨርሱ ጮኹ። «ዋሪያ፣ ወላሂ ልንተላለፍ ነው! አንዳችን እንቁም!»

እሳቸው ቆሙ፤ እኛ በረርን። ስንደርስ ከበረዶው የቀረችው ጉንጭ አትሞላም ነበር፤ ግን አብቃቃችን። የኤዶ ፍየሎች አንድም ሳይቀር ተከተቡ። ደስታዬ ወሰን አጣ።

ልንለያይ ስንል አብዲ ጠየቀ፤ «በሚቀጥለው ዙርስ ማን ይቁም፣ ማን ይሂድ?»

«እኛ እንቆማለን!» አልን እኔና ኤዶ ሃሊሞ፣ በአንድ አፍ።

አሁን ያሳሰበኝ፣ ሁለታችንም ቃላችንን የምናከብር ሰዎች መሆናችን ነው።