ይታሰብበት እና ሁለቱ የጭስ ቱቦዎች

ሰው የሚያደክመው ክፉ ሰው ይመስላችኋል? ክፉ እኮ ሰድቦህ ይሄዳል፣ ትገላገላለህ። ዕድሜ የሚበላው መምረጥ የማይችል ሰው ነው። ለየሰፈሩ አንድ አንድ ታድሎናል፤ አውቶቡስ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ሳይወስን መውረጃው የሚደርስበት ዓይነት።

የኛ ሰፈሩ ክቡር አቶ ይታሰብበት ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ዛሬ የምታስታውሰው እሷ ብቻ ናት። «ሻይ ልቅዳልህ?» ሲሉት «እስቲ ይታሰብበት።» «ዝናብ መጣ፣ ግባ እንጂ!» ሲሉት «ይታሰብበት» እያለ ይበሰብሳል። የግቢውን በር ቀለም ሊቀባ አሰበና ለሙከራ አንዱን ጥግ ሰማያዊ፣ አንዱን ጥግ አረንጓዴ፣ መሃሉን ቡናማ ቀባ። ይኸው ስድስት ዓመቱ። መንገድ የጠፋው ሰው ሁሉ «ባለ ሦስት ቀለሙ በር ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ይባላል።

ታዲያ ሚስት እንዴት አገባ ትሉኝ ይሆናል። አላገባም፤ እሷ ናት ያገባችው። «ቅዳሜ ነው፣ ጫማህን ጥረግ» አለችው፣ አለቀ።

ሚስቱ ችግኝ ሻጭ ናት። ጓሮዋ ሙሉ በጥቁር ላስቲክ የቆመ ቡቃያ ነው፤ እሱ በአሮጌ ፒካፑ ያደርስላታል። የፒካፑ ሞተር ደህና ነው፤ ማስነሻው፣ ሞተሪኖ የሚሉት፣ እሱ ነው ሰነፉ። አንዴ ከጠፋ አራት ጎረምሳ ካልገፋው አይነሳም። ስለዚህ ዕቃ ሲወርድ ሞተሩ አይጠፋም። እሱ መሪው ላይ ቁጭ ብሎ ነዳጅ እየረገጠ ነፍሱን ያቆያል፣ እሷ ከኋላ ቆማ ታወርዳለች። ኑሯቸው እንዲህ ነው።

ባለፈው ሰኞ የጭስ ማውጫው በስብሶ ተበጠሰ። መኪናው እንደ ታመመ በሬ እያገሳ ወደ በያጁ ጋራዥ ገባ። ጋራዡንና የኔን ግቢ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው። ማን እንደበሳው አላውቅም፤ በኔ ዓይን ልክ መሆኑ ግን ይገርመኛል።

«ለምን ለሁለት አልከፍልልህም?» አለው በያጁ። «ከሞተሩ አንድ ሆኖ ይመጣል፣ መሃል ላይ ይሰነጠቃል፣ በሁለት አፍ ይወጣል። ሞተሩም ይተነፍሳል፣ መኪናውም ያምርብሃል።»

አይ በያጁ! አንድ ነገር መምረጥ ላቃተው ሰው ሁለት ይሰጣል?

«ሁለቱም በአንድ ጎን ይውጡ ወይስ ግራና ቀኝ?»

«እስቲ ይታሰብበት።»

«ማርሚታውስ? ድምፅ የሚያፍነው ሆድዬው፣ አንድ ይሁን ሁለት?»

«እሱማ በጣም ይታሰብበት።»

ማክሰኞ በያጁ ቱቦዎቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ አወጣቸውና ለሙከራ ነጥብ ነጥብ አድርጎ በየዳቸው። አቶ ይታሰብበት ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረበት። ፀጉር አስተካካዩን አስቁሞ «ድምፁ ወፈረ ወይስ ሳሳ?» አለው። ዳቦ ሻጯን ጠየቀ። የቆመ ጠየቀ፣ የተቀመጠ ጠየቀ። ሁሉም «ኧረ ቆንጆ ነው፣ የሀብታም መኪና መሰለ!» አለው። ተመለሰና «እስቲ ወደ ጎንም እንየው» አለ። ረቡዕ ተነቀለ፤ ሁለቱም ከኋላ ጎማ አልፈው በቀኝ በኩል ወጡ። በያጁ «ጭስ ማውጫ እየሠራሁ ነው ወይስ ልብስ እያስለካሁ?» ሲል በቀዳዳው ሰምቼ በነጠላዬ ጫፍ አፌን አፈንኩ።

ለነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ሚስቱ ለትምህርት ቤት ሦስት መቶ ችግኝ አለባት። ዳይሬክተሩ ፊት ለፊት ነግሯታል፦ «ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰ ከሌላ እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ በር እንዳትመጪ።» ችግኙ ተደርድሮ በር ላይ ቆሟል፤ እሷ ጠዋት ውኃ ታጠጣዋለች፣ ማታ ውኃ ታጠጣዋለች፣ በመሃል ባሏን ትረግማለች።

ሐሙስ አቶ ይታሰብበት ጋራዥ የመጣው ሁለት የሎሚ ችግኝ ታቅፎ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ በያጁ።

«ሎሚ ነው።»

«እሱንማ አየሁት! ጋራዥ ምን ይሠራል? ሊበየድ ነው?»

በያጁን ለምኖ አንዱን ቱቦ እንደገና ወደ ኋላ አስዞረ። አንዱን ሎሚ የኋላው መዝጊያ ሲወርድ ጭነቱ የሚንጠለጠልበት ቦታ አስቀመጠ፣ ሌላውን በቀኝ ጎን። ሞተሩን በአራት ጎረምሳ አስገፍቶ አስነሳ፣ አንዱን ነዳጅ አስረገጠና ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የኋላው ሎሚ ቅጠሉ ተጠቅልሎ አንገቱን ደፋ።

«ወደ ኋላ የሚለው ቀረ» አለ።

«ተመስገን! በቃ ወደ ጎን!» በያጁ የብየዳ መጨበጫውን አነሳ።

«ቆይ።» ተነስቶ ከመኪናው ኋላ ሄዶ ቆመ። ልክ ዕቃ የሚያወርድ ሰው እንደሚቆመው ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ አለ። ነፋሱ ጭሱን ከጎን አምጥቶ አለበሰው። ሳል ያዘው፤ እንባው ወረደ። «ይሄም አልሆነም።»

በያጁ መነጽሩን ወረወረው። «ወንድሜ፣ አንተ የምትነዳው ፊት ተቀምጠህ! ከኋላ ምን አቆመህ?»

እሱ ዓይኑን እየጠረገ ሎሚዎቹን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሚስትየው መጣች። እጇ ጭቃ ነው፣ ሻሿ ወደ ጎን ዞሯል።

«አንተ ሰውዬ! ችግኙ በሬ ላይ ዛፍ ይሁንልህ? እንጀራዬን ልትዘጋብኝ ነው?» መልስም ሳትጠብቅ ወደ በያጁ ዞረች። «ጋሼ፣ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ በይድልኝ። መጨረሻ ያሉትን ችግኞች ጨርቅ አለብሳቸዋለሁ። የሱን መልስ ከጠበቅን ሁላችንም እንሸብታለን።»

በያጁ ይህን ሲጠብቅ ነበር። ተንበረከከ፣ መነጽሩን አወረደ።

«አይሆንም!»

ማን ተናገረ መሰላችሁ? እኔ ደንግጬ ግንባሬን ከቆርቆሮው ጋር አጋጨሁት። ያ ሰው በሕይወቱ «አይሆንም» ሲል የሰማ አንድ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ጠመኔ አንስቶ ሲሚንቶው ላይ ሣለ። «አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ከኋላ ጎማ በፊት ይውጡ። አፋቸው ወደ መሬት ይደፋ። ማርሚታው ሁለት።»

«ከጎማ በፊት?» አለ በያጁ። «እዚያ ተወሽቆ ማን ያየዋል? ሰው ሁለት ቱቦ የሚያሠራው እንዲታይለት ነው!»

«አይታይ።»

«ምን ነካህ አንተ?» አለች ሚስቱ።

ጠመኔውን በጣቱ እያሸ መሬት መሬት እያየ ነበር። «ስታወርጂ ትስያለሽ» አላት። «በመስታወቱ አይሻለሁ። ችግኙን በአንድ እጅሽ፣ አፍሽን በአንድ እጅሽ ይዘሽ። እኔ እግሬን ከነዳጁ ካነሳሁ ይጠፋል፣ ወርጄ እንዳላግዝሽ።»

ሴትዮዋ ሻሿን ፈታችና መልሳ አሰረችው።

በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ሞተሪኖውን ብታስጠግነውስ? አጥፍተህ ታወርዳለህ።»

አቶ ይታሰብበት ጆሮውን አከከ።

«እሱም ይታሰብበታል።»

ለምን ቱቦው ሁለት መሆን እንዳስፈለገው እስካሁን አልገባኝም። በያጁ አንዱ እንደሚበቃ ገብቶት ነበር፤ ግን አንዱን እንተወው ቢለው «የትኛውን?» ብሎ ሊጀምር ነው። ዝም ብሎ በየደው።

ችግኙ ሲጫን እኔም ጋቢና ወጣሁ። ላግዝ ብዬ ነው እንጂ ወሬ ፈልጌ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዳይሬክተሩ ሰዓቱን እያየ ደረስን፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ፊቱን ቢያጠቁርም በሩን ከፈተ። ሞተሩ እንደ ድመት እያንኮራፋ ሦስት መቶውም ችግኝ ወረደ። እኔ ከውስጥ ተቀምጬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለችም። እሱ ደግሞ አንገቱን አስግጎ መስታወቱን ያያል። እሱ እሷን ሲያይ እኔ እሱን አየሁት።

ባሌ ነፍሱን ይማረውና በአንድ ትንፋሽ የሚወስን ወንድ ነበር፤ አገር ያደንቀው ነበር። ማድቤት ስናሠራ አናጢው «የጭሱን መውጫ በየት ላድርገው?» ቢለው «የትም አድርገው!» አለ። አናጢውም የትም አደረገው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዓይኔን እያሻሸሁ ወጣሁ፣ ገባሁ።

ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ ያን ልጅ ልመርቀው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። በተቀመጥኩበት ልቀበል ወይስ ወርጄ ብሎ እስኪወስን ጀምበሯ ትጠልቅብኛለቻ! ገብቼ በሬን ዘጋሁና ለብቻዬ መረቅሁት።