የደህናው እጄ ፋሻ

የሰው አገር ቋንቋ የሚጀመረው ከሰላምታ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከእጅ ጀመርኩ። ስድስተኛ ክፍልን በጸሎት ያለፍኩ ሽማግሌ፣ እንግሊዝኛው ገና ሳይገራልኝ፣ ጃፓንኛ መማሬን ስትሰሙ ብትስቁ አልቀየምም።

አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። እሷ ሥራ ስትውል እኔ ከአጥሩ ወዲህ ጎመኔን እኮተኩታለሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ ጃፓናዊቷ ጎረቤታችን ሽንኩርታቸውን ይኮተኩታሉ። ወይዘሮ ዮሺኮ እላቸዋለሁ፤ ሽበት በባዶ ስም አይጠራም። በእንግሊዝኛ ድህነት እኩያ ነን። አንድ ቀን መዳፋቸውን አሳይተው «ቴ» አሉኝ። «እጅ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ቃሏ ከየቦታው ብቅ ትል ጀመር። ጓንታቸው «ቴቡኩሮ»፣ ደብዳቤያቸው «ቴጋሚ»። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው የልጅ ልጃቸው እንዳስረዳችኝ የእጅ ከረጢት፣ የእጅ ወረቀት ማለት ነው። እኛስ እጅ መንሻ፣ እጅ ጠባቂ እንል የለ? ሰው የትም ቢወለድ ያው በእጁ ነው የሚኖረው።

እኔም በተራዬ ጎንበስ ማለቱን አስትቼ መጨበጥ አስለምጃቸው ነበር። ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት እጃቸውን ሲዘረጉልኝ የእኔ እጅ ጭቃ በጭቃ ነው። በአገራችን ደንብ የእጄን አንጓ ሰጠኋቸው። ደነገጡ። «ቴ! ቴ!» እያሉ ወደ ቤት ገቡና አፍንጫ የሚሰረስር ቅባትና ፋሻ ይዘው መጡ። አሽተው አሰሩልኝ። በዚያ ጉልበታቸው ሮጠው ያመጡትን መድኃኒት እንዴት «ይመልሱት» ይባላል?

ማታ ልጄ አየችኝ።

«አባባ፣ እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ታሰረ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ።»

ከሳቀች በኋላ ኮስተር አለች። «ነገ ይንገሯቸው። እንዳታለሏቸው ካወቁ ሁለተኛ አያናግሩዎትም!»

ጭንቅ ያዘኝ። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በአንዲት ቃልም ቢሆን። በየማለዳው ልናዘዝ እወጣለሁ፤ እሳቸው አዲስ ፋሻ ይዘው አጥሩ ጋ ይጠብቁኛል። እጄን ሰጥቼ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ስትመጣ በዚያችው ስብርባሪ እንግሊዝኛዬ እንደምንም ደፈርኩ። «እጄ ደህና ነው፤ ጭቃ ሆኖ ነው አንጓዬን የሰጠኋቸው። ይቅርታ በይልኝ» አልኳት።

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «አያቴ ያውቃሉ። ማክሰኞ በዚያው እጅዎ ሙሉ ባልዲ ሲያነሱ አይተዋል። ግን አንዴ መድኃኒት ካመጡ በኋላ ‹ደህና ነዎት› ብሎ መተው አሳፈራቸው።»

ይሉኝታን ከአገር ይዤ የመጣሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቀና ስል ወይዘሮ ዮሺኮ ፋሻቸውን ይዘው፣ የምናወራው ሳይገባቸው፣ እኔን እኔን ያያሉ።

«ቴ?» አሉኝ።

ምን ላድርግ? ዘረጋሁላቸው።