እጃችሁን አውርዱ!

በዚህ አገር ሰው ለማያውቀው ሰው ሳይሰስት የሚያውሰው ነገር ቢኖር ጉሮሮውን ነው። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ድምፀ ቀጭን ሴት ከኋላ ወንበር ሆና «ወራጅ አለ» ብትል ረዳቱ አይሰማትም። ምን ቸገራት? አጠገቧ ያለው ተቀብሎ ይጮኽላታል፣ ከፊቱ ያለው ደግሞ ከሱ ይቀበላል። መስኮት ይከፈት ይዘጋ በሚለው ላይ እንኳ መስማማት ያቃታቸው ተሳፋሪዎች ስለ አንዲት ወራጅ በአንድ አፍ ይጮኻሉ። እኔ በዚህ ረገድ አዳማ ውስጥ የታወቅሁ ነኝ። ባለቤቴ እንዲያውም ድምፅህ የቆመ መኪና ያስቆማል ትላለች። ይህን በጎ ምግባሬን አደራ አስታውሱልኝ፣ ኋላ ጠበቃ ያስፈልገኛል።

አማቴ ጋሽ ቶላ ዕድሜ ልካቸውን ጋሪ የነዱ ሰው ናቸው። ፈረሳቸው ዳማ ይባላል። ሁለቱም የሚኖሩት እኔ ቤት ነው፤ ጋሽ ቶላ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ክፍል፣ ዳማ ደግሞ በመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር። ባጃጅ ከተማውን ካጥለቀለቀው ወዲህ ሥራ የለም። የሳቸው ወገብ አርጅቷል፣ የዳማም ጉልበት አርጅቷል፤ ያላረጀው ጎህ ሳይቀድ የሚያሰማኝ ማሽካካቱ ብቻ ነው። ይሽጡትና ይረፉ ብዬ ያልለመንኩበት ቀን አልነበረም። መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው። እሱን ሸጬ ጠዋት ስነሳ ምን ብዬ ከቤት ልውጣ ይሉኛል።

ታዲያ በቀደም የጋሪ እሽቅድምድም ተዘጋጀ ተባለ። በፈረንጅ አገር ውሾች በበረዶ ላይ ጋሪ መሳይ ነገር እየጎተቱ ለቀናት ይሽቀዳደማሉ አሉ፤ ከኮሚቴው አንዱ በስልኩ አይቶት ነው። በረዶ የለንም። የሰፈራችን ውሾችም ቀን ቀን ተኝተው ነው የሚውሉት። ፈረስና ጋሪ ግን አለን። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከአዳማ ሞጆ፣ ሁለተኛው ከሞጆ መቂ፣ ሦስተኛው ከመቂ ዝዋይ ሆነ። ባዶ ጋሪ ጋሪ አይባልምና እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ተሳፋሪ ይጫን የሚል ደንብም ወጣ። ጋሽ ቶላ ተሳፋሪ እንድሆንላቸው ሲጠይቁኝ እኔ ተንኮለኛው ዕድሌን አየሁ። በመጀመሪያው ቀን ሞጆ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጡ ስለ መሸጥ ዳግመኛ ትንፍሽ አልልም፣ ከዚያ በታች ከሆኑ ግን ዳማ ገበያ ይወጣል አልኳቸው። (ውሉ ለአንድ ቀን ብቻ የሆነው አለቃዬ የሰጡኝ ፈቃድ የአንድ ቀን ስለሆነ ነው።) ጋሽ ቶላ ፈረሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩና ቃሌ ነው አሉ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተገኙ ተባልን፣ ተገኘን። ክቡር እንግዳው አራት ሰዓት ላይ መጡና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሰፊ ንግግር አደረጉ። ፀሐዩ አናታችንን እየበሳን፣ ፈረሶቹ ተራ በተራ በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ አዳመጥን። ሪባኑ ተቆረጠ። አሥራ አንድ ጋሪ በአንድ ጊዜ ተፈተለከ።

እና ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዝቡ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶ እጁን እያወዛወዘ ይደግፈናል። ዳማ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው አንድ ትምህርት ነው፤ መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሰው ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ ዳሩን ይዞ ቆመ። የቀሩትስ ምን የተለየ ትምህርት ቤት ገብተው ያውቃሉ? አሥሩም ቆሙ። ሕዝቡ ፈረሶቹ ሞራል ያነሳቸው መስሎት ይባስ ብሎ ሁለት ሁለት እጁን አነሳ። ጋሽ ቶላ ልጓሙን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ዳማ አሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ሌላ እጅ ያያል፣ ይቆማል። የኮሚቴው መኪና ከኋላችን በድምፅ ማጉያ የተከበርከው ሕዝብ ሆይ፣ ድጋፍህን እጅህን ኪስህ ከትተህ ግለጽልን እያለ ይማጸናል። ማን ሊሰማው!

እኔም ብሆን፣ ሲሸነፉ ለማየት የተሳፈርኩት ሰውዬ፣ ሳላውቀው ጋሪው ላይ ቆሜ «እጃችሁን አውርዱ! እናንተ ሰዎች፣ እጃችሁን አውርዱ!» እያልኩ ነበር። ብሽቀቴ ለከት አጣ። ሰው እንዴት የተቀመጠበት ጋሪ ሲሸነፍ ዝም ብሎ ያያል?

ከከተማው መውጫ ማደያው ጋ ሕዝቡ አለቀ ብለን ተመስገን ስንል አንዲት እጅ ተነሳች። እማማ ዘይነባ የሚባሉ እናት ናቸው፤ በዘንቢል ዶሮ ይዘው ሞጆ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። እማማ፣ ይሄ እኮ ውድድር ነው ብላቸው፣ አብሽር ልጄ፣ እኔም ቸኩያለሁ ብለው ወጡ። ፈረሱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተውም ለጋሪም ታርጋ መሰጠቱ ደስ እንዳላቸው ነገሩኝ። ጋሽ ቶላ ትልቅ ሰው ጥለው ሄደው አያውቁም። እጅ ነስተው «አካም ቡልተን» አሏቸው፣ ቦታ አመቻቹላቸው። በዚህ መሃል አምስት ጋሪ አልፎናል።

በድሮው መንገድ ወደ ሞጆ ሜዳው ሲከፈት እጅ የሚያነሳ ጠፋ። ጋሽ ቶላ ወደ ፊት ጎንበስ አሉና ለዳማ በኦሮምኛ ዝግ ብለው የሆነ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ዳማ ግን ሰማ። መስኮቴ ሥር ቆሞ ሲያዛጋ የማውቀው ፈረስ ያ ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። አንዱን አለፍን፣ ሁለተኛውን አለፍን። የጋሽ ቶላ ወገብ ቀጥ ብሏል፣ ነጠላቸው በነፋሱ ይርገበገባል፣ ፊታቸው ላይ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ያላየሁት ሳቅ አለ። ያኔ አፈርኩ። ምን ሆኜ ነው ይህን ሰውዬ ቤት ላስቀምጥ የፈለግሁት? ስለ መሸጥ ሁለተኛ ላልናገር በልቤ ማልኩ።

ሞጆ መግቢያ ላይ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ሰልፍ ጋ ደረስን። ሦስተኛውን የወንጂ ጎረምሳ እዚያ ቀደምነው። ሦስተኛ ሆንን! የፍጻሜው ጨርቅ በቅርብ ርቀት ይታያል። ጎረምሳው ከኋላችን ጅራፉን ያጮኻል።

በዚህ ጊዜ እማማ ዘይነባ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ቀስ ባለ ድምፅ፣ ልጄ፣ የልጄ ቤት ይቺ አረንጓዴ በር ናት፣ እስቲ ወራጅ በልልኝ አሉ።

ጌቶቼ፣ ፍረዱ። አሰብኩበት? አላሰብኩበትም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዳደረግሁት፣ የቆመ መኪና በሚያስቆመው ድምፄ ሳንባዬን ሞልቼ «ወራጅ አለ!» አልኩ።

ዳማ መጀመሪያ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ እግሩን።

ጎረምሳው አለፈን። እማማ ዘይነባ ዶሯቸውን አቅፈው፣ አላህ ያክብርህ፣ ድምፅ ማለት እንዲህ ነው ብለው መርቀውኝ ወረዱ። ጋሽ ቶላ ቀስ ብለው ዞሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢሰድቡኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን የዳማን ጀርባ እየደባበሱ፣ አየህ፣ ወራጅ ጥሎ የማያልፍ ፈረስ ነው አሉ። አራተኛ ሆነን ገባን።

ይተዉት፣ ቀልዴን ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው ብዬ ብለምን አልሰማ አሉኝ፤ ቃል ነዋ። በገበያው ቀን ዳማን አጥበው፣ ጋማውን አበጥረው ይዘውት ወጡ። ባለቤቴ ኩርፊያዋን ተሸክማ ጓዳ ገባች። ምን አማራጭ አለኝ? ተከትያቸው ሄድኩና ከገዥዎቹ መሃል ተጋፍቼ ገዛሁት።

ስለዚህ አሁን የፈረስ ጌታ ነኝ። ዳማ ያው መስኮቴ ሥር ያሽካካል፣ ጋሽ ቶላ ያው ይነዱታል፣ ጠዋት ጠዋትም ሥራ ቦታዬ ያደርሱኛል። መሥሪያ ቤቴ በር ጋ ስንደርስ ልጓሙን ላላ አድርገው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ አንዲት ቃል ይጠብቃሉ። ያቺን ቃል ግን ደግሜ ላልናገር ምያለሁ። ስለዚህ መንገድ ዳር አንድ ሰው እጁን እስኪያነሳ ድረስ እንሄዳለን። ትናንት እጁን ያነሳ ሰው የተገኘው ከከተማው መውጫ ማደያው ጋ ነው። ወደ ቢሮ የተመለስኩት በባጃጅ ነው።