በእትዬ ብርቄ ሣር መሀል የበቀለው እንግጫ

ሰው ቤት ገብቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልወድም። እናንተስ? የኛ የቦንጋ ሰፈር ሴት ጎረቤት ልትጠይቅ ስትሄድ ወይ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ወይ የሰው ልጅ ታቅፋለች፣ ምንም ካጣች ደግሞ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብላ አረም ትነቅላለች። አፍም እጅም ሥራ አይፈታም። ታዲያ ይሄ ደግነታችን የሰው ሠርግ ሊያበላሽ ነበር።

እትዬ ብርቄ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሣር አስተከሉ። ዝም ብሎ ሣር እንዳይመስላችሁ፤ ጫማ ካላወለቃችሁ በዓይን የሚያስወጧችሁ ሣር ነው። ልጃቸው ማርታ የታጨችው ደካ በሚባል ቦታ ለሚኖር ልጅ ነው። የልጁ እናት ግን የሠርጉን ቀን እንቁረጥ ሲባሉ ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። ይሄኔ እትዬ ብርቄ፣ "መጥተው ግቢያችንን ይዩት፤ ያኔ ይቆርጣሉ" ብለው ጠሯቸው።

ክረምቱ ገባና ሣሩ መሀል አንድ ነገር ብቅ አለ። ሣሩ ታጭዶ ሳይሰነብት እሱ ብቻ አንገቱን አስግጎ፣ ቀለሙ ፈዘዝ፣ ፊቱ አብረቅረቅ ብሎ ይቆማል። እኛ ሴቶች ምን እናድርግ? በሄድን ቁጥር ነቀልን። በነቀልን ቁጥር ባሰበት። "ዓይን ነው" አሉ እትዬ ብርቄ፤ ይሄን ሲሉ ደግሞ የሚያዩት እኔን ነው። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩን የደረሰችበት ማርታ ናት። አንዱን አገዳ በጣቶቿ ስታሽከረክር በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። (አጥር ቀዳዳ ያለው ለምን ሆነና?)

"እማዬ፣ ይሄ ሣር አይደለም። የሣሩ አገዳ ክብ ነው፤ ይሄኛው ሦስት ጎን አለው። እንግጫ ነው።"

ቆፈር አድርጋ ከሥሩ የተንጠለጠሉ ጥቋቁር ፍሬዎች አሳየቻቸው። ለካ እኛ ላይ ላዩን ስንነቅል ፍሬው መሬት ውስጥ እየቀረ፣ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይወጣል! መላው ከነፍሬው ቆፍሮ ማውጣት፣ ውሃ ለሚተኛበት ቦይ ማበጀት፣ ሣሩንም ድምጥማጡ እስኪጠፋ አለማጨድ ነው፤ ረዘም ካለ ጥላው እንግጫውን ያፍነዋል።

"እንግዳ ሊመጣ ልትቆፍሪ? ግቢዬን የድንች ማሳ ልታደርጊው ነው?" አሉ እትዬ ብርቄ።

"እማዬ፣ ከቆየ እኮ ይውጠናል።"

"ከሩቅ አረንጓዴ ነው! ማን ጎንበስ ብሎ አገዳ ያሽከረክራል?"

የልጁ እናት መጡ። እኔም ወጥ ላማስል ተጠርቼ ነበር፤ ወጡ ግን በራሱ ጊዜ ይንተክተክ ብዬ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ሴትዮዋ ሣሩ ዳር ተቀምጠው ገና ሰላምታውን ሳይጨርሱ ጎንበስ አሉ። ነቀሉ። አገዳውን በጣቶቻቸው አሽከረከሩት። የእትዬ ብርቄ ፊት አመድ መሰለ፤ ማርታም ዓይኗን ጨፈነች።

"እናንተም ጋ ገባ?" አሉ ሴትዮዋ።

"ምኑ?" አሉ እትዬ ብርቄ፣ ሰምተው እንዳልሰሙ።

"እንግጫው ነዋ! እኔኮ ቀኑን ሳጓትት የከረምኩት በሱ ነው። ሙሽራ የማስገባበትን ደጅ ወሮት፣ 'ልጃችንን ምን ዓይነት ቤት ሰጠናት' እንዳትሉ አፍሬ!"

"እኛ ደግሞ ልጃችንን ጠልተዋት ነው ብለን እንቅልፍ አጥተናል!"

ተያይዘው ሳቁ። የሠርጉ ቀን እዚያው ለበጋ ተቆረጠ። ማርታ እንባዋን ስትጠርግ ሴትዮዋ ሣሩን አንዴ ገረፍ አድርገው አዩና፣ "ግን የናንተው ይብሳል" አሉ።

"ኧረ እንዴት ተደርጎ!" አሉ እትዬ ብርቄ።

አያችሁልኝ? ልጆቹ ሳይጋቡ ተጀመረ።

በማግስቱ ግቢው ተገለበጠ። እኔም ሳልጠራ ዶማዬን ይዤ ገባሁ። ቁፋሮ እንደሆነ ከነቀላ ይረዝማል፤ ያን ያህል ጊዜ ደግሞ ዝም ተብሎ አይቆፈርም።