ዓሣ የተሳለበት ጭልፋ

ዕቃ እግር አለው። እኛ ሰፈር አንድ ጭልፋ አንዴ ከቤት ከወጣ ከሠርግ ወደ ተዝካር፣ ከተዝካር ወደ ሰደቃ ሲዞር ይከርምና፣ ባለቤቱ ተስፋ በቆረጠ ማግስት እጀታው ጠሞ፣ ጎኑ ጎድጉዶ ይመለሳል። ስለዚህ ሰው ምልክት ያደርጋል። አንዷ እጀታው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ትቀባለች፣ አንዷ ክር ትቋጥራለች፣ ሌላዋ በሚስማር ፊደል ይሁን የድመት ጭረት ያልለየለት ነገር ትሞነጫጭርበታለች። እናንተም ጓዳችሁን ብትፈትሹ የማን እንደሆነ የማታውቁት ባለ ክር ማንኪያ አታጡም። አትሸማቀቁ፤ የእናንተም ሰው ቤት ነው።

ይሄ ሁሉ ታዲያ ሰይድ ሌዘሩን ይዞ ሐይቅ ከተማ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሰይድ የአምባሰል ልጅ ነው። አስፋልቱ ዳር፣ የወልድያ ሚኒባሶች ሰው ከሚያወርዱበት አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ማንኪያ ይሁን ሹካ፣ ትሪ ይሁን ጭልፋ፣ የፈለጋችሁትን ስምና ሥዕል በጨረር ይጽፍላችኋል። ማሽኑ አይጮህም፣ አይመታም፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ ብረቱ ላይ ሽር ሽር ትላለች፣ የተቃጠለ ነገር ትንሽ ይሸታል፣ አለቀ። በአመድ ብትፈትጉት፣ በሽቦ ብታሹት ንቅንቅ የለም። ሰዉ ማንኪያውን እየያዘ ጎረፈለት። ቤታቸው ውስጥ ከተነጋገሩ የሰነበቱ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ስማቸው ማንኪያ ላይ ጎን ለጎን ተኝቷል።

ባለቤቴ ጌታሁን ደግሞ ሥርዓት የሚባል ነገር ሲያይ ልቡ ይጠፋል። የቤተሰቡን ጫማ በቁመት የሚደረድር ሰው ነው። ልጃችንን ልንድር ሽር ጉድ ስንል፣ ይኸው አመሉ ተነሳበት።

እኛ አገር ድግስ ሁለት ነው። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ዳስ ይጥላል፣ ለብቻ በሬ ያቀርባል፤ አራጁ ከእነሱ፣ ወጥ ሠሪዋ ከእነሱ፣ ድስቱና ጭልፋውም ከእነሱ ቤት ይመጣል። እነሱም ሲደግሱ ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ማንም አፉን ሞልቶ ይሄ የእናንተ፣ ይሄ የእኛ አይልም። የታወቀውን መናገር ምን ሊረባ!

በእኛ ቤት ድግስ የዚያኛው ዳስ እመቤት ዘሃራ ናት። አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ናት፤ ልጆቻችን የማን ቤት እራት እንደበሉ ሳናውቅ ነው ያሳደግናቸው። ሙስሊሙ እንግዳ ማን አረደ፣ ማን ሠራ ብሎ አይጠይቅም። ዘሃራ ድስቱ ጋ ቆማ ካያት እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። እሷ ከሌለች ግን የሰፈሩ እኩሌታ፣ ጨዋ ስለሆነ ጠግቤያለሁ ብሎ መርቆ ይሄዳል እንጂ አንዲት ጉርሻ አይቀምስም።

ጌታሁን እሷን ላለማስቸገር ብሎ አዲስ ጭልፋና ማንኪያ ገዛ። ተሸክሞ ሰይድ ዘንድ ሄደና ግማሹ እጀታ ላይ መስቀል፣ ግማሹ ላይ ጨረቃ አስጻፈ፤ እንዳይደባለቅ። ሰይድ፣ ጋሼ እትዬ ዘሃራን አማክረዋል ወይ ብሎት ነበር አሉ። ሳታስበው ላስደስታት ነው ብሎ መለሰለት።

ዘሃራ ስትመጣ በኩራት ዘረገፈላት። ጨረቃ ያለበትን ጭልፋ አንስታ አገላበጠችው፤ መስቀል ያለበትንም አንስታ አየችው። ሁለቱንም ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«አንተ ጌታሁን፣ እስከ ዛሬ በምን ነበር የምታውቀኝ?» አለችው።

ሻይዋን ጨርሳ መርቃን ሄደች። እኔን ያስደነገጠኝ ምርቃቱ ነው። ዘሃራ ከተቆጣች ቁጣዋ ጀበና እስኪፈላ አይቆይም፤ ዝም ብላ ስትመርቅ ግን ነገር አለ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ በአጥሩ ብቅ አላለችም። በሬዎቹ ታስረዋል፣ ዳሱ ተጥሏል፣ እንግዳው ተጠርቷል፤ የዚያኛው ዳስ እመቤት የለችም። እኔ በንዴት ጨስኩ። ጌታሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ፣ ያለውን ነው ያስጻፍኩት ይላል። ያለ ሁሉ ይጻፋል? ለእናቱ ያለኝን ስሜት ትሪ ላይ ላስጽፈው እንዴ?

ጭልፋና ማንኪያውን አሸክሜ አስፍቅ ብዬ ሰደድኩት። የጨረር ጽሑፍ አይፋቅም፤ የሚቻለው ሌላ ጠቆር ያለ ሥዕል በላዩ መደረብ ብቻ ነው። ሰይድ አንዱ ላይ ጽጌረዳ ሞከረ፤ የመስቀሉ ክንድ ተረፈ። ሌላው ላይ ልብ ሞከረ፤ የጨረቃው ቀንድ ወጣ። መጨረሻ ላይ ለአንድ ዓሣ ቤት ሠርቶት የነበረውን ሥዕል አመጣ፤ ሆዱ ሰፋ ያለ የሐይቃችን ቆሮሶ ዓሣ ነው። ሁለቱንም ዋጣቸው።

አንዱን ጭልፋ ይዤ በአጥሩ ገባሁ። ዘሃራ ምስር ትለቅማለች። ተቀብላኝ ወደ ብርሃን ዘንበል አደረገችው።

«ጨረቃዋን በላት» አለች።

«መስቀሉንም አልማረው» አልኳት።

ሳቅ አላት። ዓሣ ደግ ነው፣ አራጁ ማነው አያሰኝ፣ ከማንም እጅ ይበላል አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«ጨረቃው አይደለም የከፋኝ፣ ወይንሸት። ከእንግዲህ አታስፈልጊንም የተባልኩ መስሎኝ ነው» አለች።

አጠገቧ ቁጭ አልኩና አብረን ምስሩን ለቅመን ጨረስን። ስወጣ «አብሽሪ፣ በማለዳ እመጣለሁ» አለችኝ።

መጣችም። አራጁን አስከትላ፣ የጠቆረ ድስቷንና ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ ጠማማ ጭልፋዋን ይዛ። እንግዳው ድስቱ ጋ ቆማ አያት፣ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ በላ፣ መረቀ። ልጄ እልል ተብሎላት ሄደች። ባለ ዓሣው ዕቃ እንደታሰረ ጥግ ላይ ዋለ።

ጌታሁን አንጀቱ አረረ። ያን ሁሉ ማንኪያ ምን እናድርገው? አስቦ አስቦ፣ ሁለት ድስት ሳያስፈልግ ሁለታችንም ቤት የሚበላ ነገር አገኘሁ አለ። ከሐይቁ ዳር ዓሣ አምጥቶ አስጠበሰና ዘሃራን ከነቤተሰቧ ጠራ። አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። እሱ ማንኪያዎቹን በየሰዉ ፊት፣ ዓሣው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ አድርጎ ደረደረ። ዘሃራ ቢስሚላህ አለች፣ እኛ በስመ አብ አልን፣ ከዚያ ሁላችንም እጅጌያችንን ሰብስበን በእጃችን ገባንበት።

ዓሣ በማንኪያ እንደማይበላ ማናችንም አልነገርነውም።